በአባቴ ግራ በኩል የቆመው

ዶክተር ይድነቃቸው ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ዕለት ልብስ ሰፊው አባቴ አጣጥፎ በኩራት ሰጠው። ረዝሞበት እንዲያጥርለት የተወው ሱሪ ነው። ዶክተሩ እዚያው በረንዳችን ላይ ዘርግቶ ወገቡ ላይ ለካው። የቀኙ እግር ልኩን ይዟል፤ ታጥፎ፣ ተዘምዝሞ፣ በካውያ ተተኩሷል። የግራው ግን እንደመጣ ነው። ጫማውን አልፎ መሬት ይጠርጋል።

"ጋሽ ታሂር፣ አንዱን እግር ረሱት እኮ" አለ እየሳቀ።

"የቱን?" አለ አባቴ።

"ይኸን ነዋ።"

አባቴ ሱሪውን ተቀብሎ አየ። ያየው የተሰፋውን ነው። ዝምዝማቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ "ምን ጎደለው? እንዲህ ያለ ሥራ ደሴ ድረስ ብትሄድ አታገኝም" አለው።

"ሌላኛውስ?"

"ሌላ ሱሪ መች ሰጠኸኝ?"

ዶክተሩ ሳቁን አቆመ።

እኔ በአባቴ ግራ በኩል መሬት ላይ ተቀምጬ ጥንቅሽ እመጥጣለሁ። ወደ አላማጣ የሚወጡት የጭነት መኪናዎች ከበረንዳችን ፊት አቧራ እያነሱ ያልፋሉ። አልሳቅሁም፤ አልገረመኝምም። አባቴ የግራውን እግር ለምን እንደተወው አውቃለሁ። በቤቱ ውስጥ ይህን የማውቅ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነበር የማምነው።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረውም እዚያው ቆቦ ነው። ሰው ሲያስነጥስ ለቅሶው የሚታየኝ ሴት ነኝ። ባሌ ኡበይድ፣ "አንቺ እኮ ዝናብ ሲጠፋ ድርቅ ነው፣ ሲዘንብ ጎርፍ ነው ትያለሽ፤ ደህና ቀን የሚባል አታውቂም" እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እኔ ልጆቼ ሳያውቁ ዳቦውን በሰሃናቸው ግራ ጠርዝ ላይ አደርግና ያነሱት እንደሆነ አያለሁ። ሲያነሱት በልቤ አልሀምዱሊላህ እላለሁ። ነገሩ ከየት እንደመጣብኝ እስካሁን ነግሬያቸው አላውቅም።

አባቴ የታመመው ማሽላው አሽቶ ወፍ በሚጠበቅበት ወቅት ነው። ከስፌት መኪናው ላይ ወደ ጎን ዘንበል አለና ወደቀ። በአይሱዙ ጭነው ሆስፒታል ወሰዱት። ሲመለስ ግራ እጁ ትንሽ ይከብደው ነበር እንጂ ይራመዳል፣ ያወራል፣ ይቀልዳል። ጎረቤቱ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ግቢውን ሞልቶ "እንኳን አተረፈህ፣ ከዚህ ወዲያ ምን አለ" እያለ መርቆ ሄደ። እኛን ልጆቹን ግን "በሽተኛ አትረብሹ" እያሉ ወደ ውጭ ያባርሩን ነበር።

እንግዳው ያለቀ ጊዜ እናቴ ኡሙልኸይርና እህቷ ሳሊሀ ጓዳ ተቀምጠው ማሽላ ሲለቅሙ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ።

"ሞት በግራ በኩል መጥቶ ነው አሉ የመታው" አለች ሳሊሀ።

"መጥቶ መች ሄደና" አለች እናቴ። ድምጿ የደከመ ነው። "አጠገቡ ቆሞ ነው ያለው። እኔ እንደሁ ዛሬ ወሰደው፣ ነገ ወሰደው እያልኩ ነው።"

"አብሽሪ እንጂ! ይቁም፤ ምን አባቱ! ታሂር እንደሁ ዞር ብሎም አላየው።"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ወዲያው ወደ ለቅሶ ሄደ፤ እኔ ግን ለቅሶውን ልብ አላልኩትም። እህት እህቷን ስታጽናና እንደነበር የገባኝ ራሴ እህቶቼን ማጽናናት ስጀምር ነው። ያን ዕለት የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞት በአባቴ ግራ በኩል ቆሟል፣ አባቴም ዞሮ አላየውም። ይህን ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አጸናልኝ። ክፉ ውሻ ሲያጋጥምህ ዓይን ዓይኑን አትይ፤ ካላየኸው አይነክስህም።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ልክ እንደሆንኩ ነገረኝ።

ምሳ ሲቀርብለት ከትሪው ቀኝ በኩል ያለውን ጠርጎ በልቶ "ኧረ ጨምሪልኝ፣ ሴትዮ፤ በሽተኛ ሲባል በረሃብ ይገደላል እንዴ?" ይላል። ግራው ግማሽ ወጡ ሳይነካ ተቀምጧል። እናቴ ትሪውን ታዞርለትና ይበላል። ኮቱን ሲለብስ ቀኝ እጁን ያስገባና ግራውን በትከሻው አንጠልጥሎ ይወጣል። ጺሙን ሲከረክም ቀኙን ያሳምርና መስተዋቱን ይመልሳል። በረንዳው ላይ ሲሰግድ ደግሞ መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝ ዞሮ ሰላምታውን ያወርድና በዚያው ይነሣል። ወደ ግራ አይዞርም። ይህን አይተው አንዳንድ ሰዎች "የታሂር ሶላት ጎደለ" ብለው አንሾካሾኩ። የሰፈራችን ሼህ ሸረፈዲን ሰምተው ተቆጡ። "የመጀመሪያዋ ትበቃዋለች። ሁለተኛዋን እኛ እንልለታለን" አሉ። ለእሳቸው ለዚህች ቃል እስከ ዛሬ ዱዓ አደርጋለሁ። ያኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ አባቴ እንዴት ብልጥ ነው፣ በሶላቱ ውስጥ እንኳ አልተታለለም!

እናም ላግዘው ቆረጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታዬ በአባቴ ግራ በኩል ሆነ። በእሱና በቆመው መካከል አጥር ልሆን ነው። ሲቀመጥ በግራው እቀመጣለሁ፤ ሲነሣ ዞሬ በግራው እሄዳለሁ። መቀሱ፣ የክር ጥቅሉ፣ የውሃ ኩባያው በግራ በኩል ከተቀመጠ አንስቼ ወደ ቀኝ አደርግለታለሁ፤ ሊፈልገው ሲዞር ያን እንዳያይ። እናቴም ልክ እንደኔው ታደርግ ነበር፤ እሷ እንዳይቸገር ብላ ነው። ደግነት ሆኖ ቤቱ ሁሉ ወደ አባቴ ቀኝ ተጋዘ።

አንዳንዴ ሳላስበው "አባ" እለዋለሁ። አይመልስልኝም። ልቤ ትንሽ ይሰበርና መልሼ አጽናናዋለሁ፤ ቢመልስልኝ እኮ መዞሩ ነው፣ ቢዞር ደግሞ ማየቱ ነው። ዝም ማለቱን እንደ ምስጢራችን ቆጠርኩት።

ዶክተር ይድነቃቸው ከሱሪው በኋላ በሌላ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ያንኑ ሱሪ ጠቅልሎ በብብቱ እንደያዘ መጣ። ዶክተር እንለው ነበር እንጂ የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ነው፤ ያኔ ገና ወጣት።

"ጋሽ ታሂር፣ ዛሬ እኔ ልለካዎት ነው የመጣሁት" አለ።

"ወገቤን ነው ደረቴን?"

"ዓይንዎን።"

ከአቡጀዲ ላይ ረዘም ያለ ብጣሽ ቀደደና በአባቴ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። "መሀሉን ምልክት ያድርጉልኝ። ሜትር የለ፣ ማጠፍ የለ።"

አባቴ በሳቅ ተንከተከተ። በዚያ መንገድ ዳር ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ በዓይኑ ብቻ እኩል ለሁለት የሚከፍል እሱ ነበር። ሰፊዎቹ ሥራ ሲፈቱ ይወራረዱበታል። የደረቀ ሳሙናዋን አነሳና ሳያመነታ ጫር አደረገ። ዶክተሩ ብጣሹን በጭረቱ ላይ አጠፈው። አንደኛው ጫፍ ከሌላኛው ከስንዝር በላይ ተርፎ ተንጠለጠለ።

አባቴ ጨርቁን ገልብጦ አየው። ቀጥሎ "ስበኸዋል" አለ።

"ሌላ ልስጥዎ።"

ሁለተኛውም ወደ ቀኝ ሄደ። ሦስተኛውም።

"ይህ አቡጀዲ ሸማኔው ከሚስቱ ተጣልቶ የሠራው ነው" አለ አባቴ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ የሻርፗን ጫፍ ነክሳለች። እኔ ግን በኩራት ልፈነዳ ነው። ወደ ግራ ላለማየት ሲል ስሙን እንኳ ሲሰዋ አይታያችሁም?

ዶክተሩ የቁልፉን ቆርቆሮ በትሪ ላይ ደፋው። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ የኮቱ፣ የሸሚዙ ቁልፍ ተበተነ። "አንድ ሳይቀር ይልቀሙልኝ።" አባቴ እንደ ዶሮ ለቀመ። በቀኝ ያለው አልቆ ትሪው ሲያብለጨልጭ "ጨረስኩ" ብሎ እጁን አራገፈ። ዶክተሩ ትሪውን ዞር አደረገው።

"እነዚህስ?"

አባቴ ቁልፎቹን አየ፤ ዶክተሩን አየ። "አሁን ጣልካቸው! ወላሂ አንተ ልጅ እጅህ ፈጣን ነው። ሐኪም ከምትሆን ገበያ ብትወጣ ይሻልህ ነበር።"

ቀጥሎ በወረቀት ላይ ሸሚዝ እንዲስልለት ጠየቀው። አባቴ በአንድ ትንፋሽ ሣለና ገፋ አደረገለት። "ይኸው፣ ለሙሽራ የሚሆን።" ግማሽ ኮሌታ፣ አንድ እጅጌ፤ የቀረው ጎን ባዶ ወረቀት ነው። እናቴ "ያ ረቢ" ብላ ፊቷን ሸፈነች።

በመጨረሻ ዶክተሩ ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀመጠና ሁለት እጆቹን እንደ ክንፍ ዘረጋ። "ጣቴ ስትንቀሳቀስ ይንገሩኝ፤ እኔን እኔን እያዩ።" በአባቴ ቀኝ በኩል ያለችውን አነቃነቀ። "ያቺ" አለ አባቴ። በግራው በኩል ያለችውን ብቻ አነቃነቀ። አባቴ ቆየ። ቀስ ብሎ፣ "ያቺም አለች" አለ።

አየ። ወደ ግራ አየ።

ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሥቼ "አትይ አባ! አትየው!" ብዬ ጮኽኩ። ትሪው ተገለበጠ፤ ቁልፉ በረንዳውን ሞላው። እናቴ በክንዴ አንጠልጥላ ወደ ውስጥ ስትጎትተኝ አባቴ ከኋላዬ፣

"የማን ልጅ ናት የምትጮኸው?" ሲል ሰማሁ።

ይህን ጥያቄ በድንጋጤዬ ልብ ሳልለው አለፍኩት። እናቴም በሀፍረቷ አልሰማችውም። ልብ ያለው ዶክተሩ ብቻ ነው። በበሩ ስንጥቅ ሳይ፣ ሁለቱንም ጣቶች በአንድ ጊዜ እያነቃነቀ ነበር። አባቴ አሁን የቀኟን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ዶክተሩ ግን አልፎ አልፎ ወደ በሩ፣ ወደ እኔ ያያል።

ያን ቀን አባቴ ሲተኛ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደረቱ ወጣ ሲል እተነፍሳለሁ፤ ወረድ ሲል ትንፋሼን እይዛለሁ። ነቅቶ ውሃ ጠየቀ። አልሞተም። በጨረፍታ ስለሆነ ነው ያየው ብዬ ደመደምኩ። በሚቀጥለው ግን አይተርፍም።

በማግስቱ ዶክተሩ እናቴንና ሳሊሀን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሲያስረዳ ከጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

"ዓይኑ ደህና ነው" አለ። "ግራ ጣቴን ብቻዋን ሳነቃንቅ አይቷታል። ቀኟ ስትጨመር ግን ግራዋ ትጠፋበታለች። የተጎዳው ከራሱ ውስጥ ነው፤ በቀኝ በኩል ያለው አንጎሉ። በግራው ያለ ነገር ሁሉ እንደሌለ ሆኖበታል። እንደሌለ ስለሆነበት ደግሞ መፈለግም አያስበው።"

"ታዲያ አበደ በለና" አለች ሳሊሀ።

"ያበደ ሰው ሌባ ይለኝ ነበር? ችግሩ በግራው ላለው ነው እንጂ በቀረው ከእኔ ይበልጣል።"

"ይድናል?" አለች እናቴ።

"ሊሻለው ይችላል። ዝም ብለን ከተውነው ግን እንዲሁ ይቀራል። ከዚህ በረንዳ ወርዶ ደግሞ መንገድ ሲሻገር…" ንግግሩን አልጨረሰም። ተሳቢ የጫነ መኪና ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠ አለፈ። እናቴ መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

ያኔ ያልገባኝ ይህ ነው። በአባቴ ግራ በኩል ሞት አለ ማለቴ እውነት ነበር። አስፋልቱ ላይ እየሮጠ የሚመጣ፣ ጡሩምባ የሚነፋ ሞት ነው። ከእሱ የሚያድነው ግን አለማየት ሳይሆን ማየት ነበር። እኔ ነገሩን ገልብጬ ነበር የያዝኩት።

"ውሃውን በቀኙ ማን አደረገው?" አለ ዶክተሩ።

"እኔ ነኝ። እንዳይቸገርብኝ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ወደ ግራ ይደረግ። ምግቡም፣ መቀሱም። ስታናግሩትም በግራው ሆናችሁ፤ ግራ እጁን ነካ እያደረጋችሁ። ይቸገር፣ ይፈልግ።"

እናቴ ተነሥታ ቆመች። "በሽተኛ ነው እኮ! በእኛ አገር በሽተኛ ውሃው በአፉ ይያዝለታል እንጂ ይደበቅበታል? ምን ዓይነት ጨካኝ ልጅ ነህ?"

"ይኸውልዎ፣ እትዬ ኡሙልኸይር፣ ደግነታችሁ ነው የጎዳው" አለ፤ ግን በለሰለሰ ድምፅ ነው። ከዚያ ከአባቴ መሳቢያ ቀይ ክር ጠየቀ። በጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ አሰረው፤ በአባቴ ግራ እጅጌ ላይ እናቴ እንድትሰፋ አደረገ። የትሪውን ጨርቅ ግራ ጠርዝም እንዲሁ። አባቴን ጠርቶ፣ "ጋሽ ታሂር፣ ሕጉ ይህ ነው። ቀዩን ክር ሳያገኙ መቁረጥ የለ፣ መስፋት የለ፣ መብላት የለ" አለው።

"እኔን ነው እንግዲህ እንደ ጥጃ የምታስረኝ" አለ አባቴ። ግን ሞከረው። ከቀኝ ጀምሮ በእጁ እየዳሰሰ፣ እየዳሰሰ ወደ ግራ ይሄድና ክሩ ጋ ሲደርስ "አገኘሁት! ሊያመልጠኝ ነበር" ይላል። እናቴ እያለቀሰች ታጨበጭብለታለች። እኔ ክሩን ሳይ የሚታየኝ ገመድ ነው። አባቴን ወደዚያ ወደ ቆመው እየጎተቱት ነው፤ እናቴም ጭምር።

ስለዚህ ጦርነት ገጠምኩ። እናቴ ኩባያውን በግራ ታስቀምጣለች፤ ፊቷን ስታዞር እኔ ወደ ቀኝ እመልሰዋለሁ። መቀሱን ወደ ግራ ትወስዳለች፤ እኔ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ በጠረጴዛው ላይ ሳሻግር ቀና ስል፣ ዶክተር ይድነቃቸው ከደረጃው ሥር ቆሞ ያየኛል።

አልተቆጣም። ደረጃው ላይ ተቀመጠና በእጁ ጠራኝ።

"ያን ለት 'አትየው' ያልሽው ምኑን ነው?"

የያዝኩትን ኩባያ ቁልቁል አየሁ።

"ለእናትሽ አልናገርም።"

"የቆመውን" አልኩ።

"ማነው የቆመው?"

በጆሮው ነገርኩት። እናቴ ያለችውን፣ ሳሊሀ ያለችውን፣ ስለ ውሻውም ጭምር። እኔ እናት ከሆንኩ በኋላ ልጆቼ ፍርሃታቸውን ሲነግሩኝ ስንቴ "ሂጅ ወዲያ፣ ሂድ ወዲያ" እንዳልኩ አውቃለሁ። እሱ አልሳቀም፤ "ሂጅ ወዲያ" አላለም። ተነሥቶ፣

"ቦታውን አሳይኝ" አለ።

በአባቴ ወንበርና በምሰሶው መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት አሳየሁት። አባቴ መኪናውን እያንቀጫቀጨ ይሰፋል፤ እኛን አላየንም። ዶክተሩ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ገባባትና ቆመ። ዙሪያውን አየ።

"እኔ ስለ መልአከ ሞት ብዙ አላውቅም። እሱን ሼህ ሸረፈዲንን ጠይቂ" አለኝ ዝቅ ብሎ። "እኔ የማውቀው አባትሽን ነው። እዚህ የቆመውን አባትሽ አያይም ብለሻል፤ ልክ ነሽ። ግን አንቺንም አያይሽም።"

"እኔን?"

"ስትጠሪው ይመልስልሻል?"

ምስጢራችን ያልኩት ነገር ምስጢር አልነበረም።

"ስለዚህ ቦታውን አንቺ ያዥው" አለና ከክፍተቷ ወጣ። "እስካሁን ተቀምጠሽ ነው፤ አሁን ቁሚ። እጁን ያዥና ጥሪው። እስኪያይሽ ድረስ አትተዪ። እዚህ ቦታ ላይ ዞሮ የሚያየው አንቺን ከሆነ፣ ሌላ ማንንም አያይም።"

አሰብኩበት። ትክክል ነበር። ቦታዋ ለሁለት አትበቃም።

ካደግሁ በኋላ ወልዲያ ላይ አግኝቼው ይህን አነሳሁለት። ፀጉሩ ሸብቷል። ጨርቁን፣ ቁልፉን፣ ሥዕሉን ከኮሌጅ አስተማሪው እንደተማረው፣ ያኔ ግን እንዲህ ያለ ሰው በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው እንደነበር ነገረኝ። "ፈርቼ ነበር" አለ። "የሱሪዬ ሁለቱም እግር ቢያጥር ኖሮ እኔም እንደ ሌላው 'እንኳን ተረፉ' ብዬ አልፌ እሄድ ነበር።" አመሰገንኩት። ምስጋናዬን እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅሁ እጁን ይዤ ቆምኩ፤ እሱም አልነጠቀኝም። አባቴ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰፍቷል። ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ሲደክመው ግራው ይጠፋበታል፤ ከአስፋልቱ ሲደርስ ግን ቆሞ ራሱን እስከ ትከሻው ድረስ ማዞር ተምሮ ነበር። እኔን ዳረኝ፤ የልጄን ስም አወጣ፤ በአልጋው ላይ ሞተ። ክፉውን ብቻ ለምትጠብቅ ሴት ይህ ስንት ነው!

በዚያች ክፍተት ግን መጀመሪያ የቆምኩ ጊዜ ይህን ሁሉ አላውቅም። የማውቀው ቢዞር ሊሞትብኝ እንደሚችል ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን እጥልና ገብቼ እቆማለሁ። ግራ እጁን እይዛለሁ። "አባ!" እላለሁ። እሱ ወደ ቀኝ ይዞርና "አቤት? ማነው?" ይላል፤ መንገዱን ያያል፤ ሰው ያጣል፤ ስፌቱን ይቀጥላል። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። አንዳንዴ ባለመዞሩ ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ይከፋኛል። ከሁለቱ የትኛውን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንቋቋል። አባቴ የተማሪ ሸሚዝ ይሰፋ ነበር። እጁን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"አባ!"

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ራሱ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደና ተመለሰ። እጁን ጨበጥ አደረግሁት። የያዝኩትን እጅ ፍለጋ ይመስል፣ ራሱ ቀስ ብሎ ወደዚህ መዞር ጀመረ። ዓይኖቹ በጨርቁ ላይ ተራመዱ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ እንደ ሌላው ጊዜ ከዚያው የሚመለሱ መሰለኝ። አልተመለሱም። እጄን ልዘረጋና ዓይኑን ልሸፍንለት አሰብኩ። ደግሞም ቦታውን ከለቀቅሁ ሌላው ይይዘዋል ብዬ ሳልነቃነቅ ቆምኩ። ዓይኖቹ በክንዴ ወጡ፣ በአንገቴ አለፉ፣ ፊቴ ላይ ደረሱ።

አባቴ አየኝ። ፊቱ እንደ ጧት በራ።

"ውይ፣ ኢልሀሜ!" አለ። "ከጎብዬ መቼ መጣሽ?"

ሆስፒታል የገባ ጊዜ እናቴ ጎብዬ ሳሊሀ ቤት ልካኝ ነበር፤ ይህንንም ለእሱ ነግራው ነበር። የተመለስኩት እሱ ከመመለሱ በፊት ነው። ስለ እኔ ሲጠይቃት "ይኸችው አጠገብህ" ትለው እንደነበር፣ እሱም ዝም ሲል የገባው ይመስላት እንደነበር ኋላ ነው የነገረችኝ። እኔ ግራውን ስጠብቅለት፣ እሱ ደግሞ መንገድ መንገዱን እያየ ከጎብዬ እስክመጣለት ይጠብቅ ኖሯል።

"አሁን" አልኩት። "አሁን መጣሁ።"

"በዚህ ሙቀት?" አለና የያዝኩትን የግራ እጁን አንሥቶ፣ እየከበደው፣ ጉንጬን ዳሰሰኝ። ከዚያ ወደ ውስጥ ጮኸ።

"ኡሙልኸይር! ኧረ ለልጄ ውሃ አምጪላት፤ ከመንገድ ነው የገባችው!"

እናቴ ኩባያ ይዛ ወጣች። አባቴን አየች፤ ወዴት እንደዞረ አየች። ውሃውን ሰጠችኝ። እኔም ከቦታዬ ሳልነቃነቅ፣ አባቴ እያየኝ፣ ሩቅ አገር ሄዶ እንደመጣ ሰው ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት።